ማመልከቻውን የመለስነው እኛ ነን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ በየዓመቱ ወደዚህ መድረክ የሚወጣው ገቢና ወጪ ለማንበብ ነው። የዘንድሮው ዘገባ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ አንደግመውም። በተሰጠን ጊዜ የምንናገረው በሒሳብ መዝገባችን ላይ ስለማይታይ አንድ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ያየነው በሌሎች ቤት ነው፤ ዞረን ስንመለከት ግን በእኛም ቤት አገኘነው።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እህታችን ፊቷ ጠቁሮ ወደ ወርኃዊ ስብሰባችን መጣች። ልጇ በደቡብ ግዛቶች በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ልትጀምር ነበር። ልጅቷ ሶሮሪቲ ለመግባት ተመዝግባለች። ለማታውቁት፣ ሶሮሪቲ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች የእህትማማችነት ማኅበር ነው፤ የወንዶቹ ፍራተርኒቲ ይባላል። አብረው ይኖራሉ፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ከተመረቁም በኋላ በሥራ ይረዳዳሉ። ምልመላው «ረሽ» ይባላል። ልጆቹ ለብዙ ቀን ከቤት ቤት እየዞሩ ከነባር አባላት ጋር ይጫወታሉ። በየዙሩ ቤቶቹ የሚፈልጓቸውን፣ ልጆቹም የሚመርጧቸውን ቤቶች ይጽፋሉ። በመጨረሻው ቀን የመግቢያ ጥሪ፣ እነሱ «ቢድ» የሚሉት፣ ይሰጣል።

በደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ምልመላ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በኦገስት ነው። የእኛ ፍልሰታ ደግሞ ኦገስት 7 ይገባል። ልጅቷ ጾመኛ ነች፤ በአንገቷም ማተብ አለ። በየቤቱ የቀረበላትን እየመለሰች፣ ስለ ክሩ ሲጠይቋት እያስረዳች ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን የጥሪ ዝርዝሯ ባዶ ሆነ። ምክንያቱን የነገራት ሰው የለም። ማታ እናቷ ጋ ደውላ፣ «እማዬ፣ ማተቤን ልፍታው እንዴ?» አለቻት።

ያን ዕለት በዚህ አዳራሽ ያላዘነ አልነበረም። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አልን። በእርግጥ ልጅቷን ያስቀራት ማተቧ ይሁን ሌላ ነገር እኛም እሷም አናውቅም። ድምፁ የሚሰጠው በዝግ ቤት ስለሆነ የተጻፈ ምክንያት የለም። እኛ የሒሳብ ሰዎች ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንለዋለን፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ለምን እንደወጣ ግን የሚጠየቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማወቅ ማንበብ ጀመርን። ካነበብነው ጥቂቱን እናካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በግሪክ ፊደል ከሚጠሩት የአሜሪካ ኮሌጅ ማኅበራት የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ በ1776 በቨርጂኒያ ተመሠረተ። የወንዶቹ ማኅበራት ሴቶችን ስለማያስገቡ ሴቶቹ የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ለምሳሌ ካፓ አልፋ ቴታ በ1870 በኢንዲያና ተቋቋመ። እንግዲህ ሶሮሪቲ የተወለደው ከተገፉ ሰዎች ነው። የሚያሳዝነው፣ የተገፉት ሲደላደሉ በተራቸው ሌላውን መግፋታቸው ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብዙዎቹ ማኅበራት አይሁድን አያስገቡም ነበር። ካቶሊክ ሴቶችም በብዙ ቦታ አይፈለጉም ነበር። አንዳንዶቹ አባል የሚሆነው ነጭና ክርስቲያን ብቻ እንደሆነ በደንባቸው ጽፈው ነበር።

በራቸው የተዘጋባቸው ምን አደረጉ? የራሳቸውን ቤት ሠሩ። አይሁድ ሴቶች በ1909 በኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ አልፋ ኤፕሲለን ፋይን መሠረቱ። ለካቶሊክ ሴቶች በ1912 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቴታ ፋይ አልፋ ተቋቋመ፤ በ1968 ደግሞ በሩን ለሌላ እምነት ሴቶችም ከፈተ። በ1913 በኒውዮርክ ሃንተር ኮሌጅ አሥር ሴቶች ፋይ ሲግማ ሲግማን ሲመሠርቱ ከመጀመሪያው ሃይማኖት አንለይም አሉ። በዘራቸው የተገፉት ጥቁር ሴቶች ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን፣ እኛ እንጀራ ከምንገዛበት ከዩ ስትሪት ብዙም በማይርቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1908 አልፋ ካፓ አልፋን፣ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን አቋቋሙ። በ2005 ለሙስሊም ሴቶች ጋማ ጋማ ካይ የተባለው ሶሮሪቲ ተመሠረተ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደንብ የተጻፈው ክልከላ እያሳፈረ መጣ። በ1948 በአምኸርስት ኮሌጅ የሚገኘው የፋይ ካፓ ሳይ ቅርንጫፍ አንድ ጥቁር ተማሪ ሲቀበል ብሔራዊው ማኅበር ቅርንጫፉን አገደ። በ1953 የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ፣ በዘር፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት የሚለይ የተማሪ ማኅበር በግቢዎቹ እንዳይኖር ወሰነ። ውሳኔው ፍርድ ቤት ቢደርስም ጸና። ቀስ በቀስ የተጻፈው ክልከላ ከየደንቡ ተፋቀ።

ክልከላው ግን ከደንቡ ሲፋቅ ከቤቱ አልወጣም። አንዳንድ ቤቶች የአንድ አባል ተቃውሞ ብቻውን ማመልከቻ የሚጥልበትን የምስጢር ድምፅ ይዘው ቆዩ። አመልካቿን የምታውቅ የቀድሞ አባል የድጋፍ ደብዳቤ ትጻፍላት የሚሉም ነበሩ። እናቷ ወይም አያቷ አባል ለነበረች ልጅ ቅድሚያ የሚሰጡም ነበሩ። እነዚህ ሦስቱም ሃይማኖት የሚል ቃል የለባቸውም። ነገር ግን አያቷ በሃይማኖቷ ምክንያት ካልገባች፣ የልጅ ልጇ ከየት ቅድሚያ ታገኛለች? የቀድሞ አባላቱ በሙሉ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ከሆኑ፣ የሙስሊሟን ልጅ ማን አውቋት ደብዳቤ ይጽፍላታል?

በ2013 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ጉዳዩ የዘር ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ክሪምሰን ዋይት፣ ነባሮቹ ሶሮሪቲዎች አንዲት ጎበዝ ጥቁር ተማሪ እንዳልተቀበሉ ጻፈ። ከውስጥ ያሉ ልጆች፣ እኛ ልንቀበላት ፈልገን ነበር፣ የከለከሉን የቀድሞ አባላት ናቸው ብለው ተናገሩ። ነገሩ አገር ሲያውቀው ዩኒቨርሲቲው ምልመላው እንደገና እንዲከፈት አደረገ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሕግ አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ከቤቱ ልጆች አንዷ ደፍራ በስሟ መናገሯ ነው።

እዚህ ድረስ ስለ ሌሎች ነበር። አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

እህታችን ስለ ልጇ በነገረችን በዚያው ወር አንዲት ሴት አባል ለመሆን አመለከተች። ሕፃናት በመጠበቅ የምትተዳደር የሁለት ልጆች እናት ናት። መመዝገቢያውን ከፍላለች፤ የሁለት ዋስ ስምም ጽፋለች። አንድ መስመር ግን ባዶ ነበር፤ «የንስሐ አባት ስም» የሚለው። እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ማመልከቻ ስንቀበል ሥራችን መሟላቱን ማየት ነው። አየነው፤ አልተሟላም። «ያልተሟላ» ብለን ጽፈን ከነገንዘቧ መለስንላት። ሴትዮዋ ሙስሊም መሆኗን እንኳ ልብ አላልንም።

ማንም አልጠላትም። ማንም «ሙስሊም አንቀበልም» አላለም። ድምፅም አልተሰጠባትም። አንድ መስመር ብቻውን፣ ምንም ሳይናገር፣ በሩን ዘጋባት። መላሾቹም እኛ ነን። በነጋታው ደግሞ ስለ ልጅቷ ማተብ ስናዝን ዋልን።

ያወቅነው ከሦስት ወር በኋላ፣ የተመለሱ ማመልከቻዎችን ፋይል ለዓመቱ መዝጊያ ስናገላብጥ ነው። በዚያ ፋይል በዚያው መስመር ምክንያት የተመለሱ ሌሎች ሁለት ማመልከቻዎችም አገኘን። አንዷ ጴንጤ ናት። የሌላዋን አናውቅም፤ ምናልባት እንዲያው መጻፍ ያልፈለገች ትሆናለች።

ይህን ለሥራ አመራሩ ስናቀርብ ሁለት መልስ ሰማን። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው።

አንደኛው፣ «መሥራቾቻችን ክፋት አልነበራቸውም» የሚል ነው። እውነት ነው። ማኅበሩ ሲጀመር የምንሰበሰበው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። የንስሐ አባት ስም የተጠየቀው ሐዘን ሲደርስ ማንን እንደምንጠራ ለማወቅ ነው። ለእነዚያ እናቶች ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለንም። ነገር ግን በቅን ልብ የተከፈተ ሒሳብም ስህተት ከተገኘበት ይታረማል።

ሁለተኛው፣ «ታዲያ በሃይማኖት መሰብሰብ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነው። አይደለም። የጽዋ ማኅበር የምእመናን ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። የካቶሊክ ሴቶቹም ቤት ሲመሠረት ለማን እንደተሠራ በግልጽ ተናግሯል። እኛ ግን የጽዋ ማኅበር አይደለንም። ደንባችን «ማንኛዋም ኢትዮጵያዊትና ትውልደ ኢትዮጵያዊት» ይላል። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ደብዳቤም «በሃይማኖት ሳንለይ» ብለን ጽፈናል። የዚያ ደብዳቤ ፊርማ የእኛ የሒሳብ ክፍሉ ነው። በአንድ እጃችን ያንን ፈርመን በሌላው እጃችን ማመልከቻውን መልሰናል። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኛ ብትሰሙት ይሻላል ብለን ነው።

ደግሞስ አገር ቤት እንዴት ነበርን? በየሰፈሩ እድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ድንኳን ይተክላሉ። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤት ሥጋው ለብቻ ይታረዳል፣ ማዕዱ ለብቻ ይዘጋጃል፤ ደስታው ግን አንድ ነው። እናቶቻችን መለየትን ያውቁበት ነበር፤ የሚለዩት ማዕዱን እንጂ ሰውን አልነበረም።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ አራት ነገር ለጉባኤው ውሳኔ ያቀርባል።

አንደኛ፣ «የንስሐ አባት ስም» የሚለው መስመር ይሰረዝ። በምትኩ «ሐዘን ወይም ሕመም ሲያጋጥም የሚጠራ ሰው» ይባል፤ ቄስም፣ ሼኽም፣ ፓስተርም፣ የእህት ልጅም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አዲስ አመልካች የሁለት ነባር አባላት ዋስ ታምጣ የሚለው ይቅር። ዋስ የሌላትን ሥራ አመራሩ ራሱ ቤቷ ሄዶ ይተዋወቃት። የሚያውቃት የሌለ ሴት ናት ማኅበር በጣም የሚያስፈልጋት።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ የምንመልሰው ማመልከቻ ሁሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ለአመልካቿም ይነገራል፤ በዓመቱ መጨረሻም እንደ ማንኛውም ወጪ ይመረመራል።

አራተኛ፣ የስብሰባችን ቀንና ምግብ ይታሰብበት። የጾም ምግብ ሁልጊዜ አለን፤ በረመዳን ግን ቀን ላይ ድግስ እናደርጋለን። ነሐሴ ላይ በልጃችን የደረሰውን እኛው በሌላ ወር በሌላዋ ላይ አናድርስ።

ሴትዮዋ ጋ ደውለን ነበር። ይቅርታ ጠየቅናት። ቅጹን በድጋሚ እንድትሞላ ስንለምናት እንዲህ አለችን፦ «ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም፤ ማንም ስም ብጽፍበት ታልፉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ዋሽቼ መግባት አልፈለግሁም።» ቀጥላም፣ «መስመሩ ሲሰረዝ ንገሩኝ» አለችን።

ልጅቷም ማተቧን አልፈታችም። እናቷ፣ «ልጄ፣ ተይው፤ እሱን አስፈትቶ የሚቀበልሽ ቤት ያንቺ ቤት አይደለም» ብላታለች። ያ ምክር ለእኛም ነው። ሙስሊሟ እህታችን ዋሽታ የምትገባበት ቤት ከሆንን የእሷ ቤት አይደለንም፤ የእኛም አይሆንም።

አዲሱ ቅጽ በጠረጴዛው ላይ አለ። ድምፅ የምትሰጡት እጃችሁን አውጥታችሁ፣ በግልጽ እንዲሆን እንለምናለን። ጉባኤው ከተስማማ ዛሬ ማታ የምንደውልላቸው ሦስት ስልክ ቁጥሮች ይዘናል።