ሸክምና አጥንት



ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች ናት። በሠሪዋ እጅ ግፊት ቅርፅ የያዘው ጭቃ አንዴ በእሳት ከጠነከረ በኋላ አይለወጥም፤ ሕያው አጥንት ግን ዕድሜ ልኩን እንደ ሸክሙ ይታነጻል። ይህንንም ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናትም ከመቅኔ የተገኙ ግንደ ሕዋሳት በለስላሳ መደብ ላይ የነርቭን፣ በጠጣሩ ላይ የአጥንትን ባሕርይ እንደሚይዙ አሳየ።

የስብራትም ነገር እንዲሁ ነው፦ መጠነኛ እንቅስቃሴ አዲሱን አጥንት ያነሣሣል፤ የበዛው ያፈርሰዋል። ወጌሻ ከልክ በላይ ያጠበቀው የቀርከሃ ማሰሪያ ግን ደም አግዶ እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንግዲህ ሐኪምና ወጌሻ ሊስማሙበት የሚገባው ይህ ነው፦ ስብራቱ ይደገፍ፤ ደሙ አይታገድ፤ ሸክሙም በጊዜው ቀስ በቀስ ይመለስ።