ከአርባ ምንጭ ደን ይዘን የተመለስነው ጥያቄ

(በሰበካ ጉባኤያት የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመት የአጥቢያችን የልማት ክፍል አባላትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረን የአርባ ምንጭን ደን በእግር ጎብኝተናል። ብዙዎቹ ወጣቶች ተወልደው ያደጉት በዚያው ከተማ ነው፤ ምንጩን ሲጠጡ ኖረው ደኑን ግን ገብተው አያውቁም ነበር። እኛ ሽማግሌዎቹም ከእነርሱ የተሻልን አልነበርንም።

ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ደኑን፣ ሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለውን ምድር በአንድ ጊዜ ያያል። የአባያ ውኃ የሚቀላው ከደጋው ታጥቦ በሚወርድ አፈር ነው። ከጨንቻ በኩል የመጣችሁ አባቶች ሐይቁን ስታዩ የገዛ እርሻችሁን አፈር እያያችሁ ሊሆን ይችላል።

ደኑ ከዝናብ ይልቅ የከርሰ ምድር ውኃ ያቆመው ነው። ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ግርጌ ይፈልቃሉ፤ ውኃው ለዛፎቹ ሥር ቅርብ በመሆኑ በበጋም ቅጠሉ አይጠወልግም። ሰዎች ተያይዘው የማያቅፏቸው ሾላዎች በዚያ ቆመዋል፤ ከላያቸው ጉሬዛ ይዘላል። ከተማዋ የምትጠጣውም ከእነዚሁ ምንጮች ነው።

ደኑ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ ሲመሠረት ከታሰቡት አንዱ ቆርኬን መጠበቅ ነበር። ዛሬ በሜዳው የሜዳ አህያ ይታያል፤ ቆርኬ አየሁ የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ስለ አንዲት ወፍም ለወጣቶቹ ነገርናቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በፓርኩ መንገድ ላይ በመኪና የተዳጠች ወፍ አግኝተው አንድ ክንፏን ብቻ ወሰዱ። ወፏ በሌሊት የምትበር ናት (በተለምዶ የሌሊት ወፍ የምንላትን ማለታችን አይደለም)። በ1995 እ.ኤ.አ. በዚያች አንዲት ክንፍ ምክንያት አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟም ይህንኑ የሚያመለክት ነው። ከወጣቶቹ አንዱ «ሌላዋስ የት አለች?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም።

ስንመለስ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከደኑ ሲወጡ አገኘን። ሸክሙ ከእነርሱ ይረዝማል። ከመካከላችን አንድ ዲያቆን ሊገሥጻቸው ቃል ሲጀምር አንዲቱ እናት ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተስ ለንግሡ በምን ታበስላላችሁ?» አሉት። ዲያቆኑ ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

ከዚያ በኋላ ነበር የወጪ መዝገባችንን የገለጥነው። ለንግሥ፣ ለዝክርና ለሰንበቴ የገዛነው እንጨት በየወሩ ተጽፏል፤ ከየት እንደመጣ የተጻፈበት ገጽ ግን የለም። ሻጩን ጠየቅነው፤ በእጁ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተን።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ እንደማይነካ ከአባቶቻችን ተምረናል፤ በዚህም በአገራችን ብዙ ቦታ ጥንታዊው ደን የቀረው በአጥቢያ ዙሪያ ብቻ ነው። በእኛ ግቢ የማንቆርጠውን ከሌላ ሥፍራ ማስቆረጣችንን ግን አላሰብንበትም ነበር።

ለመጨረሻው ንግሥ ሁለት ቆጣቢ ምድጃዎችን ሞከርን። ወጡ ደህና ሆነ፤ እንጀራ የሚጋግሩት እናቶች ግን ምጣዱ አልሰማ ብሎ አማርረውብናል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። የባሕር ዛፍ ችግኝ የመትከል ሐሳብም ቀርቧል። ከምንጮቹ ርቆ የሚተከልበት መሬት ግን ገና አልተገኘም። የሸክሙ ገቢ ለሚቀርባቸው እናቶች ምን እናድርግ የሚለውም ያልተዘጋ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ የተሻለ ልምድ ያላችሁ አጥቢያዎች ከዕረፍት በኋላ ባለው ውይይት እንድታካፍሉን እንለምናለን።