ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ በረራ

በሰሜን ስኮትላንድ፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይ እና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ራቅ ያሉ ደሴቶች አሉ። በአውሮፕላን ማረፊያዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ በዚህ መስመር መብረር የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ነው። መደበኛ ፕሮግራም ካላቸው የመንገደኛ በረራዎች በዓለም አጭሩ ይኸው ነው።

በፕሮግራሙ የተያዘለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ነፋሱ ሲያግዝ ግን በ53 ሴኮንድ የተጠናቀቀበት ጊዜ አለ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መስመሩን የምትሸፍነው አይላንደር የተባለች ትንሽ አውሮፕላን በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። በዚህ ፍጥነት ቢሆን ርቀቱ የ40 ሴኮንድ መንገድ ነበር። ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው ፍጥነት ይዞ ለመነሣትና ቀስ ብሎ ለማረፍ ነው። ስለዚህ የበረራ ሰዓት ሲሰላ ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ብቻ አይበቃም። በረራው ባጠረ ቁጥር መነሣትና ማረፍ የሚወስዱት ድርሻ ይጨምራል።

በፓፓ ዌስትሬይ የሚኖረው ሰው መቶ አይሞላም። በዚህች ስምንት መንገደኛ በምትይዝ አውሮፕላን ግን አስተማሪ ይመጣል፤ ታማሚም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ጥቂት ሆነው ርቀው ለሚኖሩ ሰዎችም ይህ አገልግሎት ይገባቸዋል።