የተማረች ልጅ ምን ትመልስ? የዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ሥራና የእኛ ጥያቄ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ካለፈው ስብሰባ ያደረ ጥያቄ አለብን። በማኅበሩ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችን በምላሹ ምን ይስጡ? «በችግር በምትማር ልጅ ላይ ሸክም አንጨምር» ያላችሁ አላችሁ። እኔ መልሱን የፈለግሁት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሥራ ዘመን ነው።

ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ነበሩ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በአብዛኛው በህንድ መምህራንና በአሜሪካ የሰላም ጓዶች ይደገፉ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ የእሳቸውም ስም ከዚህ ሥራ ጋር ይነሳል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ይሠራል፣ አብዛኛውም ያስተምራል። ያን ዓመት ሳይሠሩ ዲግሪ የለም። ተማሪው ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ማን ጠየቀን አለ።

ያላገባች ልጅን ብቻዋን ወደማታውቀው አገር መላክ ለወላጅ ምን እንደሆነ እዚህ ለተቀመጥን አይነገረንም። ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ግን ሄዱ። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሴት ቆማ አይታ ለማታውቅ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዶክተር አክሊሉ ከደጃዝማች ካሣ ወልደ ማርያም ቀጥለው በ1969 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወንበሩ ግን የሰላም አልነበረም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ ወታደር ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተማሪዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት መሆን ተማሪን ከጥይት አያድንም ነበር። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። እሳቸውም በኋላ በዓለም ባንክ የትምህርት ክፍሉን መሩ፣ በዩኒሴፍም ሠሩ።

ደርግ ደግሞ በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት አዘመተ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በፊተኛው ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ ልጁ ዓመቱን ጨርሶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በኋለኛው ትምህርቱ ራሱ ተዘጋ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምንረዳት ልጅ በክረምት፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሴት ልጆችን ታስጠና። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚያድሩ እናቶች ልጆች ይቅደሙ። ኮተቤ መምህር የሚሠለጥንበት ሰፈር ነው፤ አሠራሩን የሚያሳየን አናጣም። የትራንስፖርቱን ማኅበሩ ይቻል። የታመመች ወይም በክረምት ሠርታ ቤተሰብ የምትረዳ ልጅ ግን አትገደድ፤ ድጋፏም አይቋረጥ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቃለ ጉባኤው በግልጽ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።