ልዩ ልዩ ቋንቋና ባህል ያላቸውን ሠራተኞች ስለ መቅጠርና ስለ መርዳት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ የምትጀምር ወጣት በመጀመሪያው ቀን ጧት ምን ትሰማ ይሆን? የማምረቻው ኃላፊ ከውጭ አገር የመጣ ነውና መመሪያውን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ተቆጣጣሪው ያንኑ ወደ አማርኛ መልሶ ይናገራል። ከረድፉ መካከል አማርኛ የተሻለ የምትችል አንዲት ልጅ ደግሞ የሰማችውን ያህል በሲዳሙ አፎ ለጎረቤቷ ታሾከሹክላታለች። ቃሉ ሦስት በር አልፎ እስኪደርስ ድረስ ግማሹ በመንገድ ይቀራል። በመጨረሻም ተቆጣጣሪው «ገባሽ?» ይላታል፤ እርስዋም «አዎ» ትላለች። አልገባኝም ብትል ሰነፍ የምትባል፣ ምናልባትም በማግሥቱ የምትሰናበት ይመስላታል። መርፌው ጣቷን የወጋት ዕለት ግን በአደጋው መዝገብ ላይ «አስቀድሞ ተነግሯታል» ተብሎ ይጻፋል።

ይህች «አዎ» የማን ዕዳ ናት? ብዙ አሠሪዎች የሠራተኛዋ ናት ይላሉ፤ ሥራ ፈልጋ የመጣች እርስዋ ናትና ቋንቋውን መማር የእርስዋ ፈንታ ነው ባዮች ናቸው። ይህ አስተያየት በግማሽ እውነትነት አለው፤ የሥራውን ቋንቋ የተማረ ሠራተኛ የሚጠቀመው ራሱ ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋውን እንደማታውቅ እያየ የቀጠራት፣ መኪናውን የተከለና ትርፉንም የሚሰበስብ አሠሪው ስለሆነ፣ ቋንቋውን እስክትለምድ ድረስ ያለው ጊዜ ወጪ በእርሱ ሒሳብ መያዝ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተሠራበት ጊዜ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የኩባንያው የጽሕፈት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ሐዲዱን በሚያነጥፉትና በኋላም በመጠገኛው በሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ግን ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ ይነገር ነበር፤ ግሪኮችና አርመኖችም ነበሩበት። የአዲስ አበባው ሰፈር እስከ ዛሬ ለገሃር የሚባለው ከዚያው ዘመን በተረፈ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ወደ ጋራዥ ጎራ ያለ ሰው ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን ሲባል ይሰማል፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከጎንደር የመጣ መካኒክና ከጅማ የመጣ ረዳቱ መፍቻውን በአንድ ስም ሲጠሩ ባዕድ ቃል መሆኑን እንኳ አያስታውሱም።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የዕቃ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በቀላሉ ይሻገራል፤ ዕቃው በእጅ ላይ ስላለ ጣት ይጠቁመዋል። በቀላሉ የማይሻገረው «መብራቱ ካልጠፋ በቀር ክዳኑን አትክፈት»፣ «ይህን ከዚያ በፊት አትጨምር» የሚለው ነው። ካልሆነ በቀር፣ በፊት፣ በኋላ፣ እስኪ የሚሉትን ጣት አይጠቁማቸውም። በፋብሪካ ውስጥ ሰውን የሚጎዱት ግን እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የዕቃዎቹን ስም ሁሉ በአማርኛ የሚጠራ ሠራተኛ ቋንቋውን ያውቃል ብሎ መደምደም አደገኛ ስሕተት ነው።

የወንጂን ታሪክ ደግሞ እንመልከት። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር፣ ለአገዳው እርሻ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው መጣ። በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች በኩባንያውና በወዛደሩ መካከል የቆመው ሰው ካቦ ይባል ነበር፤ ይህም ቃል ጣልያንኛ ነው። ካቦው የአገሩን ልጆች አሰባስቦ ያመጣል፣ በቋንቋቸው ያዛቸዋል፣ የታመመ ሲኖርም ለአለቃ ይናገራል። ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ መጠጊያ እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ወዛደሩ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቅጣቱና ስለ መብቱ የሚያውቀው ካቦው በነገረው ልክ ሆነ። አለቃውም የሠራተኛውን ቅሬታ የሚሰማው ካቦው ሊያሰማው በፈቀደ መጠን ነበር። አፍና ጆሮ በአንድ ሰው እጅ ሲወድቁ ያ ሰው ደግ ቢሆን እንኳ የሁለቱም ወገኖች ጌታ ይሆናል።

ዛሬ ካቦ የሚባል የለም ይባል ይሆናል። በረድፉ መካከል የምታሾከሹከው ልጅ ግን ስሙ ሳይሰጣት የካቦውን ሥራ ትሠራለች።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ነገር ጎልቶ ያሳየ ነው። ከዙሪያው ገጠር በብዛት የመጡት ወጣት ሴቶች ከሞላ ጎደል ከዚያ በፊት የፋብሪካ ደጅ አይተው የማያውቁ ነበሩ። ብዙዎቹ ከወጡ በኋላ ቶሎ ሥራውን ለቀው መሄዳቸው በጊዜው አሠሪዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። የደመወዙ ማነስና የቤት ኪራይ መወደድ ዋነኛ ምክንያቶች እንደነበሩ ግልጽ ነው፤ ቋንቋ ብቻውን ይህን ሁሉ አመጣ ማለት ማጋነን ይሆናል። ሆኖም የተቀጣችበትን ምክንያት ያልተረዳች ልጅ ቅጣቱን እንደ ጥላቻ ትቆጥረዋለች፤ ጥላቻ ካለበት ቤት ደግሞ ማንም አይቀመጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ እርሱም የፊደል ጉዳይ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ መሰጠት ጀምሯል። ሲዳሙ አፎ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የተማረ ወጣት አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ስለተማረ ፊደሉን ይለይ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያነብበው። በግድግዳ ላይ በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ለእርሱ ቆም ብሎ ሊያነብበው የሚገባ ጽሑፍ ነው፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ግን ቆሞ ለማንበብ ጊዜ አይሰጥም። አንድን ማስታወቂያ በሁለት ፊደል ማተም የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሥራ ፈረቃ ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ በውጭ አገር አቆጣጠር «2፡00» ተብሎ የተጻፈውን ሰው ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጧት ሁለት ሰዓት አድርጎ ቢያነብበው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

ከጽሑፍ ይልቅ የሚጎዳው ሳቅ ነው። በኦሮምኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ «አንተ»ና «አንቺ» በአንድ ቃል ይነገራሉ። ስለዚህ አማርኛን በኋላ የለመደ ሰው የሴት አለቃውን «አንተ» ቢላት የቋንቋው አሠራር አሳስቶት እንጂ ንቀት አድሮበት አይደለም። በረድፉ ላይ ሳቅ ይነሣል፤ ሳቁ ምናልባት ክፋት የለበትም። የተሳቀበት ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ይዘጋል፤ ሳምንት ቆይቶ መኪናው ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ ሄዶ የሚናገር አይኖርም። እንዲህ ያለውን ሳቅ ማስቆም የተቆጣጣሪው ሥራ መሆኑ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ተጽፎ የሚገኝበት ፋብሪካ ጥቂት ነው።

የሃይማኖትና የባህል ጉዳይ በንጽጽር የቀለለ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ቀን የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንዲሆን የተደረገው የጁምዓን ጸሎት በማሰብ ነው፤ ፋብሪካም ፈረቃውን በዚሁ ዓይነት ሊያስተካክል ይችላል። በምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ማዘጋጀትና የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ መለየት ማንኛውም የኢትዮጵያ ደጋሽ የሚያውቀው ነው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔርና በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛን መለየትን ይከለክላል። አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ማስተማርና ማስታወቅ እንዳለበትም ይደነግጋል። በማይሰማ ቋንቋ የተነገረን ነገር እንደ ተነገረ መቁጠር ከዚህ ድንጋጌ መንፈስ ጋር አይስማማም። የበለጠ የሚያሳስበው ግን ስለ ውል የተጻፈው ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ሠራተኛው ከተቀበለ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ጽሑፉ እንደ ውል ይቆጠራል። ማንበብ የማይችለውን ወረቀት ተቀብሎ ኪሱ የከተተ ሰው በዝምታው ተስማምቷል ማለት ነው። በቤይሩት ወይም በሪያድ በዐረብኛ የተጻፈ ውል ሳታነብ የፈረመችው ልጅ ጉዳይ በየቤቱ ሲነሣ ሁሉም ያዝናል፤ ወረቀቱ በሐዋሳ ወይም በአዳማ በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ግን ያው ነገር የቢሮ አሠራር ይባላል።

ለዚህ ሁሉ ከፍ ያለ ዘዴ አያስፈልግም። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «እስቲ አሳዪኝ» ቢባል፣ ሠራተኛዋም በእጅዋ ሠርታ ብታሳይ፣ መረዳቷ ወይም አለመረዳቷ ያኔውኑ ይታወቃል። ለመጀመሪያው ወር አዲሶቹ በገዛ ቋንቋቸው የሚጠይቁት አንድ ሰው ቢመደብላቸው፣ ከዚያው ጋር በሥራ ሰዓት የአማርኛ ትምህርት ቢሰጣቸው መልካም ነው። ቅሬታ የሚቀበለው ግን ከአስተርጓሚው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ያለዚያ ካቦው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የቀረው የክፍያው ነገር ነው። በረድፉ መካከል የምታስተረጉመው ልጅ ለጎረቤቷ ስትነግር የራስዋ ስፌት ይቆማል። ማታ ላይ የተሰፋው ልብስ ሲቆጠር የእርስዋ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ከኮታዋ በታች ስለሆነችም ከጉርሻው ትቀነሳለች። የማስተርጎሙ ሥራ በመዘርዝር ተጽፎ፣ ኮታዋ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ፣ ለሥራውም አበል ቢታሰብላት ምን ያህል ወጪ ይሆናል? በየፋብሪካው ያላችሁ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች የመጪውን ዓመት በጀት ስታዘጋጁ ሒሳቡን ሠርታችሁ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ቁጥሩን ይዛችሁ እንድትቀርቡ ማኅበሩ ይጠይቃል።