ሁለት ሞተር፣ ሁለት ፊርማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት የምታዩኝ የገቢና የወጪ ወረቀት ይዤ ነው። ዛሬ ወረቀቱ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን አላነብላችሁም። በእሱ ፈንታ ስለ አውሮፕላን ላውራችሁ ነው። አትሳቁብኝ፤ መጨረሻው ወደ ገንዘብ ሣጥናችን ይመለሳል።

ታላቅ ወንድሜ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። እሑድ ቡና ላይ ስለ ሥራው ከጀመረ የሚያቆመው የለም። አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አንድ ሞተር ያለውና ሁለት ሞተር ያለው ትንንሽ አውሮፕላን ገና ከመሬት እንደተነሱ ሞተር ቢጠፋባቸው፣ በየትኛው ውስጥ መሆን ትመርጫለሽ?» እኔም «ይህ ምን ይጠየቃል? ‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። እሱ ግን «እንደ አተካከሉ ነው» አለኝ።

አንድ ሞተር ብቻ ያለው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ፣ አብራሪው ብዙ ምርጫ የለውም። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ከፊቱ ካገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ያርፋል። ወደ ተነሳበት ሜዳ ልመለስ ብሎ መዞር ብዙ አብራሪዎችን ገድሏል፤ ሲዞር ያችኑ ጥቂት ከፍታና ፍጥነት ያጣልና። ስለዚህ ጥሩ አብራሪ ከመነሳቱ በፊት «ሞተሩ ቢጠፋ እዚያ አርፋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይወስናል።

ሁለት ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሞተሮቹ በግራና በቀኝ ክንፍ ላይ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲጠፋ የቀረው አውሮፕላኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ከሆነ በጅራቱ ላይ ያለው መሪ ሊያቀናው አይችልም፤ ሊገለበጥ ይችላል። ደግሞም ከሁለት ሞተር አንዱ ሲጠፋ ወደ ላይ የመውጣት አቅሙ በግማሽ ብቻ የሚቀንስ አይምሰላችሁ። 80 በመቶውና ከዚያም በላይ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር። ኋላ ግን በሒሳብ አሰብኩት። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡና የልጆቹ ትምህርት 16,000 ብር ይበላል፤ 4,000 ብር ይቆጥባሉ። የአንዱ ደመወዝ ቢቆም ቁጠባቸው 2,000 ይሆናል? አይሆንም። ቁጠባው በሙሉ ይጠፋል፤ በዚያ ላይ በየወሩ 6,000 ብር ይጎድላቸዋል። አውሮፕላንም አብዛኛውን ኃይሉን የሚጠቀመው በአየር ላይ ለመቆየት ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ከዚያ በተረፈው ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ከተማ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የሚተርፈው ይበልጥ ያንሳል።

ትልልቆቹ የመንገደኞች ጄቶች ግን የሚሠሩት ይህ ታስቦበት ነው። ለመነሳት ሲንደረደሩ የተወሰነ ፍጥነት ካለፉ በኋላ አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በሌላው ተነስተው፣ ዞረው እንዲያርፉ ተደርገው ይሠራሉ። አብራሪዎቹም ይህንኑ ደጋግመው ይለማመዳሉ። ሁለት መሆን በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ወንድሜ ስለ ባሕር ዳር አነሳ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር ተነሳ። ተሳፋሪዎቹና ሠራተኞቹ በድምሩ 104 ነበሩ። ገና ከመሬት ሲላቀቅ የእርግብ መንጋ ገጠመው፤ እርግቦቹም በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲዞሩ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

በዚያ አውሮፕላን ላይ ሁለት ባላ ተተክሎ ነበር። መንጋው ግን አንድ ነበር፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አገኛቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተነሳ ኤርባስም በዝይ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጥቷል። አብራሪው ወደ ማረፊያ እንደማይደርስ በቶሎ ስለተረዳ ከፊቱ ባለው ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ሁለት ሞተር ያለውን ይዞ ያደረገው፣ አንድ ሞተር ያለው አብራሪ የሚያደርገውን ነው።

የወፍ መንጋ ከሰው ቁጥጥር ውጪ ነው እንበል። ሰው ራሱ መንጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ከማያሚ ወደ ናሶ የሚበር፣ ሦስት ሞተር ያለው አውሮፕላን ባሕር ላይ ሳለ የሞተር ዘይቱ ፈሰሰ። ጥገና ሲደረግለት ትንሿ የጎማ ማሸጊያ ከሦስቱም ሞተሮች ላይ ሳትገባ ቀርታ ነበር። ሥራውን የሠሩት እጆች ያው ስለነበሩ ስሕተቱም በሦስቱም ላይ ያው ሆነ። አንዱ ሞተር እንደገና ተነስቶላቸው 172ቱም ሰዎች በሰላም ማያሚ ተመለሱ። ዛሬ ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ አንድ ቴክኒሻን ያንኑ ሥራ ባንድ ጊዜ በሁለቱም ሞተሮች ላይ እንዳይሠራ ይጠነቀቃሉ። «እኔ የግራውን ብነካ የቀኙን ሌላ ሰው ይነካል» አለኝ ወንድሜ።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ቼካችን አሰብኩ።

የማኅበራችን ቼክ ሁለት ፊርማ አለው። አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛዋ ፈራሚ ደግሞ፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ የአክስቴ ልጅ ናት። ቼኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በወሩ መጨረሻ ከባንክ ጋር የማስታርቀውም እኔው ነኝ። እሷ ስለምታምነኝ ሳታነብ ትፈርማለች። ባለፈው ክረምት ክፍለ ሀገር ስትሄድ አምስት ባዶ ቼክ አስፈርሜያታለሁ። ይህን ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው እያፈርኩ ነው።

ገንዘብ አልጠፋም። ነገር ግን ከነዚያ አምስት ቼኮች በአንዱ ላይ፣ የተፈቀደው ብድር 4,500 ሆኖ ሳለ እኔ 5,400 ጻፍኩ። መዝገቡ ላይም 5,400 አሰፈርኩ። ከባንክ ጋር ሳስታርቅ ስሕተቱ በሁለቱም ቦታ ያው ስለነበረ ልክ ሆኖ ታየኝ። ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። ብድሩን የወሰደችው እናት ከሦስት ወር በኋላ 900 ብር በመሐረብ ቋጥራ መጣችና «ልጄ፣ የጠየቅሁት ይህን ያህል አልነበረም፤ ቆጥሬ ቆጥሬ በዛብኝ» አለችኝ። ሁለት ፊርማ ነበረን፤ ማኅበሩን ያዳነው ግን የእሷ ሐቀኝነት ነው።

የብድር ዋሶቻችንም እንደዚያው ናቸው። ሽሮ ሜዳ ጥልፍና የሀገር ልብስ የምትሸጥ እኅት፣ አንዱ ዋሷ ሸማኔ፣ ሌላዋ ዋሷ አጠገቧ የምትሸጥ ጓደኛዋ ናት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣና ሠርጉ ሲቀር፣ የሸማኔው ሥራና የሻጮቹ ገበያ አብረው ቆሙ። ሁለት ዋስ አለን ስንል ያለን አንድ ገበያ ነበር።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኔ ከፈራሚነት እንድወርድ። ፈራሚዎቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር የማይዛመዱ ይሁኑ። ባዶ ቼክ አይፈረም። የባንኩን ማስታረቂያ ከቁጥጥር ኮሚቴው አንዷ ትየው።

ሁለተኛ፣ የአንድ ተበዳሪ ሁለት ዋሶች ከአንድ ቤትና ከአንድ ዓይነት ንግድ እንዳይሆኑ።

ሦስተኛ፣ ከእኛ ብዙዎቻችን ያለን አንድ ሞተር ነው፤ ልጆቻችንን የምናሳድገው በአንዲት ገቢ ነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሳይታሰብበት መነሳት ግን አደጋ አለው። ስለዚህ በብድር ቅጹ ላይ «ሥራው ቢቆም መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ?» የሚል መስመር ይጨመር። መጠባበቂያ ገንዘባችንም ለበዓል አይከፋፈል፤ ዶሮና ቅቤው እንደተወደደብን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቆይ።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ተቀምጣለች፤ ትናንት ማታ አንብቤላታለሁ። መጀመሪያ ተቀየመች። «አታምኚኝም ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም የወንድሜን ነገር ነገርኳት፦ የቀኙን ሞተር ሌላ ሰው ሲሠራው ወንድሜን የሚጠረጥረው የለም። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው እኔም ልውረድ» አለች።

አሁን ድምፅ ስጡበት።