ስለ አእምሮ ሕክምና ሥራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ለክፍላችን ጥቂት ደቂቃ በተሰጠን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ስሪንቃ የእርሻ ምርምር፣ ሌሎቻችን ስለ እግር ኳስ እንናገር አልን። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን በወላጆች ፊት ብዙ ጊዜ የማይነሣ ርእስ ነው፤ ይኸውም አእምሮው የታመመን ሰው በተመላላሽ ክፍል ተቀምጦ የሚያክመው ባለሙያ ሥራው ምን እንደ ሆነ ነው። ምክንያቱም ከመካከላችን ሦስት ተማሪዎች ይህን ሙያ ለመማር አስበው በየቤታቸው ቢናገሩ፣ ሦስቱም «ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው ከእብድ ጋር ልትውል ነው?» የሚል መልስ አገኙ። ወላጆቻችን ክፉ አስበው አይደለም። ሥራውን አይቶ የሚያውቀው ጥቂት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ንጉሥ ሳኦል መንፈሱ በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደ ነበረ እናነባለን። በእስልምናም ዓለም ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ባሠራው ታላቅ ሆስፒታል ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበራቸው። ባገራችን ለዚህ ሕመም የተለየው ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አማኑኤል ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም ብቸኛው እርሱ ነበር። ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሀብሩ ገጠር ተነሥቶ፣ የሚለፈልፍና የሚሸሽ ሕመምተኛ ይዞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ማደሪያ ተከራይቶ እዚያ መድረስ ለገበሬ ምን ያህል እንደ ሆነ ወላጆቻችን ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ በሬ ይሸጣል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ሁለተኛው በሬ።

ነገሩን የለወጡት ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት መጀመራቸው ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገር ጽኑ ሕመምተኛ በግንብ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መድኃኒቱን እየዋጠ በቤቱ መኖርና በቀጠሮው ቀን ብቻ መምጣት ተቻለ። «ተመላላሽ» የምንለው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ በአማኑኤል ሆስፒታል፣ በዓለም ጤና ድርጅት ርዳታ፣ ነርሶች የአእምሮ ሕክምና እየተማሩ ወደየክፍለ አገሩ መላክ መጀመራቸው ነው። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን ባገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ሰባ ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብ ዐሥራ አንድ! ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ነገር ግን በክፍለ አገር ሸክሙን የያዙት እስከ ዛሬ በአብዛኛው ነርሶቹና ሌሎቹ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው።

ስለ ሥራው ጠባይ ለማወቅ ከዚሁ ካካባቢያችን ተመላላሽ ክፍል ከሚሠሩ አንድ ባለሙያ ጋር ተነጋግረናል። ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ጠየቁን አንጠራውም። ክፍላቸው ትንሽ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የካርድ መደርደሪያና ሦስት ወንበር አላት። ሦስተኛው ወንበር ለአስታማሚው ነው። በገበያ ቀን ሰው ይበዛል፤ ከቆላ የመጣው ሁሉ እህሉን ሸጦ በዚያው መድኃኒቱን ለመውሰድ ይፈልጋልና።

እኛ የመሰለን ወደዚያች ክፍል የሚገባው ሁሉ ልብሱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንዱ የሚመጣው እንቅልፍ አጥቶ ነው። ሌላዪቱ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ጉንዳን ይሄድበታል» ብላ፣ ሦስት ጊዜ ደሟ ተመርምሮ ምንም ስላልተገኘ ወደዚህ ተልካ ነው። ባለሙያው «አባባ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይጥምዎታል? ከሰው ጋር ማውጋት አስጠልቶዎት ይሆን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጫትና አረቄም ይጠየቃል፤ ያለ ተግሣጽ። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ከዚህ ሁሉ ብሞት ይሻለኛል ብለው ያውቃሉ?» የሚለው ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስለን ነበር፤ ባለሙያው ግን ሲጠየቅ ሸክሙ የሚቀልለት እንጂ የሚባባስበት እንደሌለ አስረዱን።

የሚጥል በሽታ ያለባቸውም ብዙዎቹ ባገራችን የሚታከሙት በዚሁ ክፍል ነው። በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲህ እንደኛ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢያንስ ጥቂቶች መኖራቸው የማይቀር ነው። ሰው በወደቀ ጊዜ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም፤ በሽታውም በአረፋው አይተላለፍም። የሚገባው ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ ባፉ ምንም አለማስገባት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

አሁን ስለ ጽኑው ሕመም እንናገር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው በቡታጅራ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 68,000 የሚያህል ሰው ቤት ለቤት ባስጠየቁ ጊዜ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ሕመም በ1,000 ሰው መካከል በ5 ያህሉ ላይ ተገኘ። የሚያሳዝነው፣ ከጽኑ ሕሙማኑ ከዐሥሩ ዘጠኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ብዙውን ጊዜ በሰንሰለት የሚታሰረውም ሕክምና ያላገኘው ነው። ቤተሰቡ የሚያስረው ጨክኖ ሳይሆን፣ ገደል እንዳይገባበት፣ የሰው ቤት እንዳያቃጥል ሌላ ዘዴ ስላጣ ነው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ማከም በጀመሩ ጊዜ ግን ባንድ ዓመት ውስጥ የሚታሰሩት ሕሙማን ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናትም በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክትትል በሆስፒታል በአእምሮ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋግጧል። ይህ ለሀብሩ ገጠር ትልቅ ነገር ነው፤ ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከመርሳ በላይ ያለው የእግር መንገድ በኪሎ ሜትር አይቈጠርምና።

ባለሙያው አንድ ያላሰብነውን ነገርም ነገሩን። መድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ምግብ አብዝተው ያስበላሉ። በክረምት፣ ጎተራው በጎደለ ጊዜ፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ረኀቡን መቻል አቅቶት ሊሆን ይችላል። ይህም በቡታጅራ በጥናት ታይቷል። እንግዲህ ከሐኪም ቤት የሄደው ሰው ቢጠፋ «እምቢተኛ ነው» ከማለት በፊት በቤቱ እህል መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒት ለወፈፌ፣ እንጀራ ለቤተሰብ ተብሎ የተለየ ሂሳብ የለም፤ ሁለቱም የሚወጡት ካንድ ኪስ ነው።

ስለ ጠበልና ስለ ዱዓ ሳንናገር ብናልፍ በወሎ ምድር ቆመን ዋሽተናል ማለት ነው። የኛ አገር ሰው ልጁ ሲታመምበት ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ እስላሙ ወደ ሼኹ ይወስዳል፤ አንዳንዱም ሁለቱንም ይሞክራል፤ ጎረቤትም ወዳጃ ተሰብስቦ፣ ቡና አፍልቶ ይለምንለታል። ባለሙያው ይህን አይከለክሉም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠበሉን እየተጠመቀ፣ ዱዓውንም እየተቀበለ መድኃኒቱን አያቋርጥ። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም የአእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው እዚያው አጠገብ ሕሙማንን ያከሙበት ሥራ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ አሳይቷል። ደግሞም ብዙ ሕሙማን ከሐኪም ቤት በፊት የሚገኙት እዚያ ነው፤ ሐኪሙ ወደ ሕመምተኛው ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?

መድኃኒት የማያስፈልገውም ሕመምተኛ ብዙ ነው። የርሱ ሕክምና ንግግር ነው። ይህንን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ «ለማውራትማ አያቴም ታክመኛለች» አለ፤ ሳቅንም። ዳሩ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጅ ባግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የታመመው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እነርሱም ችግሩን ለይቶ፣ ካንዱ ጀምሮ መፍትሔ እንዲፈልግ ይረዱታል። በዚያ አገር ቋንቋ የሕመሙ ስም «ሐሳብ ማብዛት» እንደ ማለት ነው፤ እኛም ዘንድ ሰው ሲታመም «ሐሳብ በዝቶበት ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ባግዳሚው ወንበር ከተረዱት ከ100 ሰው 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ርዳታ ብቻ ካገኙት ግን 50 ያህሉ ነበሩ። እንግዲህ ቅሬና ጡት አጥቢ የሆነ ጉርብትና ባለው በወሎ ይህ ቢሞከር እንግዳ ነገር አይሆንም። ልዩነቱ አያታችን ምክር መስጠት ትወዳለች፤ የሠለጠነው ሰው ግን አብዝቶ ይሰማል። የሰማውንም ለማንም አይናገርም። በትንሽ ከተማ ይህ እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። ባለሙያው በገበያ ሕመምተኛቸውን ቢያገኙት እርሱ ቀድሞ ሰላምታ ካልሰጠ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ «ከየት ታውቂያቸዋለሽ» የሚል ሰው አይጠፋምና።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደኛ በደረሰ ጊዜ የ13 ዓመት ልጆች ነበርን። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ከረሙ፤ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ የሚገባው ሰው መድኃኒት አጣ፤ ለዓመታት ጤነኛ ሆኖ የኖረ ሰው እንደገና ታመመ። በሀብሩ በጃራ መጠለያም ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን በላስቲክ ቤት ኖረዋል። ጦርነት ያየ ሁሉ በአእምሮው አይታመምም፤ አብዛኛው በዘመድና በሥራ ይድናል። አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ ለሠርግ ሲተኮስ ከአልጋ ሥር ይገባል። ይህን የምንናገረው ከሩቅ ሰምተን አይደለም።

ከክፍላችን አንድ ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ታመመ። ይህን እንድንናገር እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል፤ ጽሑፉንም አስቀድሞ አንብቦታል፤ ሁለት መስመርም ሰርዟል። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሰማ። በሰፈር «ዐረብ አገር ሄዷል» ተባለ። ሰባት ወር ከቤት አልወጣም። ኋላ አጎቱ ወደ ተመላላሹ ክፍል ወሰዱት፤ ዛሬ በወር አንድ ጊዜ እየሄደ ይታያል፤ ድምፁም ጠፍቶለታል። ከዕረፍት በኋላ ወደ ክፍል ይመለሳል።

ምን እንድናደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቅነው። የመለሰውን እንደ ነገረን እናቀርበዋለን። መድኃኒቱን ማታ ስለሚወስድ ጠዋት ድካም አለበት፤ ስለዚህ መምህራኖቻችን በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ቢያንቀላፋ እንዳትቈጡት ይለምናል። እጁ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፉ ቢያስቀይም ከመድኃኒቱ ነው። በቀጠሮው ቀን የሚያመልጠውን ትምህርት የሚገለብጥለት ይፈልጋል፤ ለዚህ ተራ አውጥተናል። ወደ ቀድሞ መቀመጫው፣ በመስኮቱ አጠገብ ወዳለው፣ መመለስ ይፈልጋል። የት ነበርህ ብላችሁ ብትጠይቁት «ታምሜ ነበር» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ከዚያ በላይ ግን በዕረፍት ሰዓት እንድታስጨንቁት አይወድም። ኳስ ሲጫወትም እንደ ድሮው በረኛ መሆን ነው የሚፈልገው፤ በዚህ ግን ያሁኑ በረኛችን እስካሁን አልተስማማም።